ሪሲቨሩና የወንድምጋሼ ስፒከሮች

ሽሊረን፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ የለዛቫንሼው ሕንጻሽ አሳንሰር ተሠራ ወይስ አሁንም በየፎቁ እያረፍሽ ነው የምትወጪው? ሐዘን ላይ ላለ ሰው «እንደምን ነሽ» ማለት የሚያሳፍር ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በሌላ በኩል የሚገባበት በር የለውም። እኔ ከኩርፊያሽ በቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው፣ ደህና ነኝ። ኤዶምም ደህና ናት። ይህን ስጽፍ ወጥ ቤት ሆና ሰሃን ታጥባለች። ልጄ ከዙሪክ፣ ከላንግሽትራሰ እዚህ ድረስ በየቀኑ እየተመላለሰች ነው፣ ታምኛለሽ? ድሮ እኮ በወር አንዴ ብቅ እንድትል ስለት የምሳልላት ልጅ ናት።

በስልክ መልእክት ልጽፍልሽ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይኼ በአውራ ጣት የሚጻፍ ነገር አይደለም። ወረቀት ገዛሁ፣ እስክሪብቶ ገዛሁ፣ ሁለቱንም ፊቴ አስቀምጬ ስንት ቀን ዞርኳቸው። ዛሬ ቁጭ አልኩ።

ትርፍነሽ መልእክትሽን አድርሳልኛለች። «አርባው ላይ ዓይኗን እንዳላይ ብላለች» አለችኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን። እንዲህ ላለው መልእክት እንደ ትርፍነሽ የሚፈጥን ፖስተኛ ስዊዘርላንድ የላትም። ደግሞ ስትነግረኝ ክንዴን እያሻሸች ነው፤ የምታጽናናኝ መስላ አጥንቴን ትቆጥራለች።

እታለም፣ እናታችን ከወለደቻቸው የቀረነው አንቺና እኔ ነን። በወንድምጋሼ አርባ ቀን አንቺ እዚያ እኔ እዚህ ከሆንን፣ ሰው የሚለውን ተይው፣ እኔ ራሴ ከዚያ ወዲያ እህት አለችኝ ለማለት አፍ የለኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጄኔቫ መጥቼ ከጎንሽ እንድቀመጥ እንድትፈቅጂልኝ ነው። ከመፍቀድሽ በፊት ግን የሆነውን ከእኔ ስሚ። የሰማሽው ሁሉ እውነት ነው። መርዶ ሲነገረኝ ሙዚቃ ከፍቻለሁ። ትከሻዬንም ነቅንቄያለሁ። አዎ። አልዋሽሽም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንድምጋሼ ስፒከሮች ነው። እነዚያን ኮመዲኖ የሚያካክሉ፣ ፊታቸው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ እንጨቶች አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ጄኔቫ ድርጅት ቤት በተቀጠረ ሰሞን፣ ገና አልጋ ሳይገዛ፣ እነሱን ገዝቶ ወለል ላይ እየተኛ ሲያዳምጥ ስቀንበት አልነበር? አገር ቤት ጠቅልሎ ሲገባ አንቺ ዘንድ ተዋቸው፤ አንቺም የአበባ ማስቀመጫ አድርገሻቸው ኖርሽ። ያለፈው በጋ ደግሞ ለእኔ ላክሽልኝ። ለምን እንደላክሻቸው ያልገባኝ መስሎሻል? ገብቶኛል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ አንቺ ቤት ምሳ ላይ የተጣላነውን እኔና እሱን ልታስታርቂ ነው። እሱ «አንቺ ስለ አገር ምን ታውቂያለሽ» ሲለኝ፣ እኔ «አንተ ጄኔቫ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የሰው ልጅ ታስጨርሳለህ» ስለው፣ አንቺ ዳቦውን እንደያዝሽ በመሃላችን ቆመሽ ቀረሽ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በአንቺ በኩል ሆነ። እሱ «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ይልሻል፤ እኔ «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» እልሻለሁ። እህትም ወንድምም ነን፣ በአስተርጓሚ።

ስፒከሮቹ ሲመጡ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሳሎኔ ውስጥ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው። ወንድምጋሼ ሁለት ሆኖ ቤቴ የገባ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የቴሌቪዥኔ ድምፅ አስቸግሮኝ ነበር። ይኼ ቀጭን ቴሌቪዥን ሁሉ ድምፁም ቀጭን ነው። ድራማ ልይ ስል ተዋናዮቹ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ነገራቸው በጥጥ ውስጥ የሚያልፍ ይመስላል። ስለዚህ ቅናሽ ሲወጣ አንድ ሪሲቨር ገዛሁ። ሪሲቨር ስልሽ የዲሹን አይደለም፤ ይኼኛው ለሆም ቴአትር የሚሆን፣ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው፣ ከባድ ጥቁር ሣጥን ነው። ከጀርባው የገመድ ቀዳዳው ብዛት የሴት ወይዘሮ ጥልፍ ይመስላል። ከወንድምጋሼ ስፒከሮች ጋር እንዲያገጣጥምልኝ ደጀኔን ጠራሁት።

ደጀኔን ሠርግ ላይ አይተሽዋል፤ ያ ሳውንድ ሲስተም የሚተክለው፣ ሙሽሮቹን እንኳ «ቆዩ፣ ማይክ ልፈትሽ» ብሎ በር ላይ የሚያቆመው። ሪሲቨሩን ገልብጦ አየ፣ ስፒከሮቹን ገልብጦ አየ፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይኼ ጋብቻ ከባድ ነው» አለኝ። «ምነው?» አልኩት። «ልጁ ከስድስት ኦም በታች አላገባም ብሎ ጀርባው ላይ ጽፏል። እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ አራት ናቸው።»

ኦም ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቀው በእሱ አማርኛ አስረዳኝ። ቁጥሩ ሲያንስ የስፒከሩ መጠጥ ይበዛል፤ ኤሌክትሪኩን ሲምገው ሪሲቨሩ ይሞቃል፤ በጣም ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን ድርግም ያደርጋል። «ግን አይዞዎት፣ እናግባባቸዋለን» ብሎ ውስጡ ያለውን አንድ ነገር ለአራት አስተካከለው። እኔ ራሴ ቀድሜ ስሞካክር የአንዱን ቀይና ጥቁር ገመድ አዟዙሬ ሰክቼው ኖሯል፤ እሱንም ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ የሪሲቨሩን አናት ሲነካ ሳቁን አቆመ። ዳንቴል አልብሼው ነበራ! ያንን እናታችን የሠራችልኝን ነጩን። ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ?

«እትዬ፣ ይኼ እኮ መተንፈሻው ነው! አፍነው ሊገድሉት ነው?» አለኝ። «እንግዳ ሲመጣ ብቻ ላልብሰው?» አልኩት። «ለማንም አያልብሱት። ድምፁንም ከግማሽ በላይ አይክፈቱበት። ሁለቱ ከተገናኙ ያልቅለታል።» እሺ አልኩ።

ከፈተው። ኤዶም መጥታ ነበርና «ዋው ማሚ!» አለች። ደጀኔ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔም «እሰይ፣ አሁን ተስተካከለ!» አልኩ።

ውሸቴን ነበር። ያው ነው። ከበሮው ደረቴን መታኝ እንጂ ዘፋኟ ምን እንደምትል አልያዝኩም።

ከዚያ ወዲያ ደጀኔን አላስቀመጥኩትም። ገመዱ ቀጥኖ ይሆናል ብዬ ወፍራም አስገዛሁት። ሶፋውን አዟዟርን። ስፒከሮቹን ከግድግዳ አራቅን፣ አቀረብን። «ማጉተምተም የጀመሩት ስለሸመገሉ ነው፣ ፊታቸው ላይ ያለው ጨርቅ ይውለቅ» አልኩ፤ ወለቀ። በመጣ ቁጥር «አሁንስ?» ይለኛል፤ እኔም ድካሙን እያየሁ «አሁንማ ልዩ ነው!» እለዋለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ እጠራዋለሁ። «እትዬ፣ እነዚህ ስፒከሮች እኔን ጡረታ ሊያወጡኝ ነው» እያለ ይመጣል። ኤዶም ደግሞ ሪሞቱን እየቀማችኝ «ማሚ፣ ላውት ነው፣ በጣም ጮክ ብሏል፣ ናህባሯ፣ ጎረቤትሽ፣ ከታች ትመጣለች» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ቀስ ብላ «ማሚ፣ እኔ… ስፒከሩ አይደለም መሰለኝ» አለችኝ። «ታዲያ ማነው?» ብዬ ዞርኩባት። አስተያየቴን አይታ «ምንም» አለች። ቡናውን ሳትጠጣ ሄደች።

አሁን ወደማፍርበት ልግባ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ጉራዬን ነዛሁ። ለነ ትርፍነሽ «ቤቴን ሲኒማ ቤት አድርጌዋለሁ! አንድ ቀን ኑና ስሙልኝ፣ ቲኬት አላስከፍልም» አልኳቸው። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገርሽ? ሰው መጥቶ ከሰማልኝ፣ «ጥሩ ነው» ካለኝ፣ እኔም ጥሩ ነው ብዬ የማምን መስሎኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ወንድምጋሼ፣ ልታስታምሚው አገር ቤት በሄድሽበት፣ እጅሽ ላይ ዐረፈ። አንቺም ደንቡን ጠብቀሽ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለሽ፣ ከአዲስ አበባ ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌያችን ለጋሽ ዘበነ ደወልሽ። ትልቅ ሥራ ነው የሠራሽው። እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ቢሆን ኖሮ ገና በር ላይ ሳያቸው ይገባኝ ነበር። ግን ቄሱን ባቡር አመለጣቸው፤ እሳቸውን ጣቢያ ቆመው ሲጠብቁ ረፈደባቸው። ቅዳሜ ቁርሴን በልቼ በመስኮት ስመለከት ሰዉ ተሰብስቦ ወደ ሕንጻዬ ይመጣል። ጋሽ ዘበነ ከፊት፣ ቄሱ፣ ትርፍነሽ፣ ሌሎችም። እንዳልደነግጥ ብለው ነጠላቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ሸሽገዋል፤ ይኼንንም ደንቡን ጠብቀው ነው። እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ሲኒማውን ሊያዩ መጡ! ሮጬ ዳንቴሉን አወጣሁና ሪሲቨሩ ላይ ዘረጋሁት። እንግዳ ነዋ።

ገቡ። ሳምኳቸው። ማንም ካፖርቱን አያወልቅም። «አውልቁ እንጂ፣ ሲኒማ ቤት በካፖርት አይገባም!» አልኩ። የሳቀ የለም። ብርዱ ነው አልኩ። ተቀመጡ። ጋሽ ዘበነ መሃል ላይ ተቀመጡና መናገር ጀመሩ። ጋሽ ዘበነን ታውቂያቸዋለሽ፤ ለወትሮውም ከሰው ጋር ሳይሆን ከጺማቸው ጋር ነው የሚያወሩት። ያን ቀን ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው፣ ቀስ ብለው፣ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ ስለ አዲሱ ዕቃ የሚመርቁኝ መሰለኝ። ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር «አሜን» አልኩ። እንደገና «አሜን»። ሲጨርሱም፣ እታለም፣ ፈገግ ብዬ «ለእርስዎም እንደዚሁ ያድርግልዎ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። እኔ ግን ለማስጀመር የምትቸኩል ባለ ሲኒማ ቤት ነኝና «ቆዩ፣ ላሰማችሁ!» ብዬ ሪሞቱን ተጫንኩ።

የሠርግ ዘፈን ነበር። ኤዶም ያስገባችልኝ፣ ከበሮው የበረታ። በደንብ እንዲሰማቸው ብዬ ጨመርኩት። ትርፍነሽ እጇን ካፖርቷ ውስጥ ከትታ ነጠላዋን መዘዘች። ልትታጠቀው ነው ብዬ «እሰይ ትርፌ! ታጠቂ!» አልኳትና ልጋብዛት ከፊቷ ቆሜ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ደግሜ ጨመርኩት። እሷ ግን ነጠላውን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ዘፈኑ ነው ያስለቀሳት፣ አገሯ ትዝ ብሏት ነው ብዬ አቅፌ ሳምኳት። የጋሽ ዘበነ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተነስተው ቆሙ። ቄሱም ተነሱ። አንዱ ሪሞቱን ከእጄ ሊወስድ ሲታገል ሪሲቨሩ ድርግም አለ። ዳንቴሉም ነው፣ ድምፁም ነው፣ ደጀኔ ያለኝ ደረሰ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጭው አለ፤ ጋሽ ዘበነ ግን ከበሮውን ለማሸነፍ ከፍ ያደረጉትን ድምፅ ለማውረድ ጊዜ አላገኙም።

«ወንድምሽ ሞቷል እኮ ነው የምልሽ!»

እሱን ሰማሁት።

መርዶ ተጩኾ ሲነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሽማግሌው ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ወለሉ ላይ እንደነበርኩ፣ ከስፒከሮቹ አንዱን አቅፌ ስጮኽ ነው ያነሱኝ ይላሉ። የታችኛዋ ጎረቤቴ ስለ ሙዚቃው ልትቆጣ መጥታ በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ስታይ፣ ያዘጋጀችውን ቁጣ ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ አበባ አስቀምጣልኝ ሄደች። እሷ ይቅር ብላኛለች መሰለኝ። የራሴ ሰው ግን ያንን ቀን ባቡር ላይ ጭኖ ከእኔ ቀድሞ ጄኔቫ አድርሶልሻል። «ድሮም አኩርፋው ነበር፣ በምርጫው ጊዜ የተጣላችውን በመርዶው ቀን ተወጣች» አሉ አሉ። ይበሉ። ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል?

በሣልስቱ ደጀኔ ለቅሶ መጣ። አልቀለደም። ጥግ ተቀምጦ ቆየና ሰው ሲቀል ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሪሲቨሩንና ስፒከሮቹን በደንብ አላስማማኋቸውም። ድምፁ ቢጠራልዎ ኖሮ ያን ያህል አይከፍቱትም ነበር። ለሰዉ ሁሉ ይህንን እናገራለሁ» አለኝ። ይኼ ልጅ የእኔን ነውር ሊሸከምልኝ መጣ፣ ታይዋለሽ? እኔም፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ሸክሜን ሊቀበለኝ የመጣ ሰው እንዳገኘሁ ሁሉ እፎይ አልኩ። «አዎ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አልኩት።

ሐዘንተኛው ሲበተን፣ ከሰሞኑ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ሪሲቨሩ ዳነ፤ የቀዘቀዘ ጊዜ ራሱ ነቃ። ከእሱ ጋር የመጣች ትንሽ ማይክራፎን አለች፤ ሶፋው ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አስቀመጣት። ሪሲቨሩ ራሱ ድምፅ እያወጣ በማይክራፎኗ ያዳምጣል፣ ሁለቱ ስፒከሮች መስማማታቸውን ራሱ ይመዝናል። ሲጨርስ ደጀኔ ስክሪኑን አየ። ደግሞ አስጀመረው። ደግሞ አየ። ራሱን አከከ። «ሁሉም ልክ ነው ይላል» አለ። «እንደ አዲስ ናቸው።»

ከዚያ ማይክራፎኗን አንስቶ እኔን በቦታዋ አስቀመጠኝ። «አንድ ሙከራ እናድርግ። ከወፍራም ድምፅ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ነገር አስነሳለሁ። ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ፣ ሲጠፋ ያውርዱ» ብሎኝ ሪሞቱን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ወፍራሙ መጣ፣ እጄን አነሳሁ። እየቀጠነ ሄደ። ጠፋ። እጄን አወረድኩ። ጠበቅኩ። ገና ሌላውን እያዘጋጀ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቆይቼ ሰለቸኝና «ጀምር እንጂ ደጀኔ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

ዞር አልኩ።

ኤዶም የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ፊቷን አጨማዳ ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ደፍናለች።

ደጀኔ ሪሞቱን ተጫነ፤ ኤዶም እጆቿን አወረደች። ደጀኔ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ። ሲሄድ ጉንጬን ስሞ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ቃል በቃል እየለየ «እትዬ፣ ስፒከሮቹ ደህና ናቸው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ኤዶም በየቀኑ የምትመጣው። ስታናግረኝ እየዞረች ፊቴ ትቆማለች።

ከዚህ በላይ እንዳታስጽፊኝ። የሚያሳፍር ነገር አይደለም ይሉኛል። እነሱ ምን ቸገራቸው።

አሁን ግን ከመርዶው የሚብሰውን ልንገርሽ። ትርፍነሽ ከአርባው መልእክት ጋር ሌላም ነገር ጨምራ ነግራኛለች። «በእሺ ሸኘችው፣ በእስክስታ ቀበረችው ብላለች እህትሽ» አለችኝ። እስክስታውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእሺውን ግን የምናውቀው አንቺ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሊሞት ሰሞን ወንድምጋሼ ደውሎልኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት ተዘጋግተን ቁጥሬን ከአንቺ ተቀብሎ ደወለ። ሥራ ቦታ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩበትን የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ታውቂዋለሽ፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጅ ነው። ቁጥሩን አይቼ የአገር ቤት ነው ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ማሽን የለም፣ መኪና የለም፣ በረዶ ብቻ ነው። ይህን የምነግርሽ ማመካኛ እንዳታስቢልኝ ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ነበር።

እሱ መሆኑን ወዲያው ዐወቅኩ። አሳሳሉ የራሱ ነው። ከዚያ ማውራት ጀመረ። እታለም፣ ድምፁ ነበር፣ ቃሉ ግን አልነበረም። ሕመሙ ድምፁን አቅጥኖታል፤ ከሩቅ ወንዝ እንደሚሄድ ያለ ነገር ነው የሚመጣልኝ። ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኩ። እሱ ያወራል። ረጅም ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ያለቀሰም መሰለኝ፣ ከዚያ ቀጠለ። «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ማለት ነበረብኝ። አዎ፣ ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ልቡን ሲከፍትልኝ፣ «እስቲ ድገመው» ብለው ደጋግሞ እንዲለምነኝ የፈለግኩ አይመስለውም? ደግሞም አፈርኩ። ያንን እንዳያውቅብኝ አፈርኩ። ሲያበቃ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። እኔም ለሁሉም የሚሆን ቃል ፈልጌ «እሺ ወንድምጋሼ፣ እሺ» አልኩት። ሌላ ነገር አለ። «እሺ፣ ደህና ሁን» ብዬ ዘጋሁት።

እሱ ላንቺ «ያን ሁሉ ብያት እሺ አለችኝ» ሳይልሽ አልቀረም። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ልትቆጪ ይገባሻል። ግን ምን ብሎኝ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ይቅርታ ጠይቆኝ ነው? ይቅርታ እንድጠይቀው ነው? እንድመጣለት ለምኖኝ ነው እሺ ብዬ የቀረሁት? የምመጣለት መስሎት በሩን እያየ ሞቶ ይሆን? ሌሊቱን ይኼን ሳገላብጥ ያነጋል።

እንግዲህ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አርባው ነው። ከጎንሽ ካላስቀመጥሽኝ ከሰዎች ኋላ እቆማለሁ፤ ቅር አይለኝም፣ ሊያስተዛዝነኝ የሚመጣው ሰው የሚለኝንም ከእንግዲህ ከከንፈሩ አነባለሁ፤ ለመድኩት። አትምጪ ካልሽኝም እዚሁ ሻማዬን አበራለሁ።

ሁለተኛው ግን የግድ ነው። ወንድምጋሼ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ከነገረሽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቁጣም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን፣ ሳታሳጥሪ ንገሪኝ። አትደውዪልኝ። ጻፊልኝ። ዓይኔ ገና ደህና ነው።

ለወንድማችን ነፍስ ይማርልን፤ እናታችን ጎን ያሳርፈው። ላንቺ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ በሐዘንሽ ቤት የገባውን ሁሉ እግዚአብሔር በደስታ ይመልስልሽ። እኔን እንኳ ባትወጂኝ፣ ሌላ እንዲህ የሚልሽ ሰው ስለሌለ፣ «እታለም» የምልሽን እንዳታስቀሪብኝ።

ታናሽ እህትሽ